ያልተጨመረው ሳንቲም ዋጋ

የኦሪገን ግዛት ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 1919 እ.ኤ.አ. በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ የአንድ ሳንቲም ግብር ሲጥል፣ ከዚያ በፊት የትኛውም የአሜሪካ ግዛት ያልሞከረውን ነገር መጀመሩ ነበር (እዚህ የሚነሱት የአሜሪካ ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከዚያ ድረስ መንገድ የሚሠራው በአብዛኛው ከመሬትና ከቤት በሚሰበሰብ ግብር ነበር፤ በገጠር ደግሞ ገበሬው በዓመት የተወሰኑ ቀናት አካፋና ዶማውን ይዞ እየወጣ በግዴታ ይሠራ ነበር። አሠራሩ ለጋሪና ለፈረስ ዘመን በቂ ነበር። መኪና ሲበዛ ግን ፍትሕ ጎደለው፤ መኪና የሌለው ገበሬ ባለመኪናው ለሚያፈርሰው መንገድ ይከፍላል፣ ከሩቅ መጥቶ የሚያልፈው ነጂ ግን ሰባራ ሳንቲም ሳያዋጣ ይሄዳል። የኦሪገን ሰዎች ያገኙት መላ ቀላል ነበር፦ ብዙ የሚነዳ ብዙ ይቀዳል፤ ብዙ የቀዳ ብዙ ይክፈል፤ የተከፈለውም ለመንገዱ ይዋል። ግብሩ የሚሰበሰበው ከጥቂት ነዳጅ አከፋፋዮች ስለሆነ ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪም ትንሽ ነበር። በዚያው ዓመት ኮሎራዶ፣ ኒው ሜክሲኮና ሰሜን ዳኮታ ተከተሉ። ከ10 ዓመት በኋላ ይህን ግብር ያልጣለ አንድም ግዛት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያለው የመቶ ዓመት ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳያል፦ መንገድና ድልድይ የሚጠይቁት ገንዘብ በማደያ ባይከፈል በሌላ በር መከፈሉ አይቀርም፤ በሌላ በር የሚከፈለው ደግሞ ዘግይቶ፣ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዴም በሰው ሕይወት ነው።

ግብሩ ለምን በዚያ ፍጥነት እንደተስፋፋ ለመረዳት የዚያን ጊዜ መንገድ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይበቃል። በ1919 በጋ የአሜሪካ ጦር የመኪና አጀብ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጉዞ ጀመረ። ዓላማው የጦር መኪኖች አገሪቱን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ መቻላቸውን መፈተሽ ነበር። ጉዞው 62 ቀናት ፈጀ። መኪኖቹ በጭቃና በአሸዋ ሲሰምጡ ወታደሮቹ እየገፉ አወጧቸው፤ በየመንገዱ የተገኙት የእንጨት ድልድዮች ብዙዎቹ ክብደቱን መሸከም አቅቷቸው ተሰበሩ። ከተጓዦቹ አንዱ ድዋይት አይዘንሃወር የሚባል ወጣት ሌተና ኮሎኔል ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት በ1916 በወጣ ሕግ ግዛቶችን ለማገዝ ለአምስት ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ ግዛቶቹም በኩላቸው ድርሻቸውን ማዋጣት ነበረባቸው። ያንን ድርሻ እንዲያሟሉ ካስቻሏቸው ምንጮች አንዱ የቤንዚኑ ሳንቲም ሆነ። በ1920ዎቹ ባለመኪናው ግብሩን የተቀበለው መክፈል ስለሚወድ አልነበረም፤ የከፈለው ገንዘብ በዓይኑ ፊት አስፋልት ሲሆን ስላየ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከድህነት ዘመን ጋር ነው። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የመንግሥትን ካዝና ሲያራቁተው፣ በ1932 ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር የፈረሙት የገቢ ሕግ በፌዴራል ደረጃ በጋሎን አንድ ሳንቲም ጣለ። ይህ ግብር ግን የበጀት ጉድለት መሙያ እንጂ የመንገድ አልነበረም። ግዛቶችም በበኩላቸው የነዳጅ ገቢያቸውን ለዕርዳታ፣ ለትምህርት ቤትና ለልዩ ልዩ ወጪ ማዞር ጀመሩ። ረሀብ በገባበት ዘመን ይህ የሚያስወቅስ አይመስልም፤ ሆኖም ግብሩን ያቆመውን ስምምነት ከሥሩ የሚነቅል ነበር። ኮንግረስ ይህን አይቶ በ1934 የመኪና ግብርን ለሌላ ጉዳይ የሚያዞር ግዛት ከሚያገኘው የመንገድ ድጎማ እንዲቀነስበት ደነገገ። ብዙ ግዛቶችም የነዳጅ ገቢ ለመንገድ ብቻ እንዲውል በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ጻፉ። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፦ ሕዝቡ የሚከፍለው በአደራ ነው፤ አደራው ሲፈርስ የመክፈል ፈቃዱም ይፈርሳል።

የአሜሪካ የመንገድ ልምድ በአሜሪካ ብቻ አልቀረም። የዓለም ባንክ በ1950 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች መካከል ለኢትዮጵያ መንገዶች የተሰጠው 5 ሚሊዮን ዶላር ይገኝበታል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ሥራውን በማደራጀትና በመምራት ያገዙት የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ መሐንዲሶች ነበሩ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ችግር ጥገና ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት አውራ ጎዳናዎች ከነፃነት በኋላ ጠጋኝ አጥተው ዝናብና ጭነት እየበላቸው ነበር። የተሠራ መንገድ ቋሚ የጥገና ገንዘብ ከሌለው ምን ያህል ቶሎ እንደሚያረጅ ለኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

የ1919ኙ ወጣት መኮንን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በአሜሪካ የመንገድ ጥያቄ እንደገና ትልቅ ሆኖ ተነሣ። አይዘንሃወር አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዝ የአውራ ጎዳና መረብ ፈለጉ፤ ክርክሩ የመጣው ገንዘቡ ከየት ይገኝ በሚለው ላይ ነው። በጄኔራል ሉሺየስ ክሌይ የሚመራው ኮሚቴ ለረጅም ዘመን የሚከፈል የመንግሥት ቦንድ እንዲሸጥ ሐሳብ አቀረበ። የቨርጂንያው ሴናተር ሃሪ በርድ ግን ተቃወሙ፤ ለአስፋልቱ ሊውል የሚችለው ቢሊዮን ለወለድ ይፈሳል አሉ። የቦንዱ ሐሳብ ወደቀ፤ በምትኩ በጁን 29 ቀን 1956 የተፈረመው ሕግ የፌዴራሉን ግብር ከ2 ወደ 3 ሳንቲም አሳደገ። ገቢውም የአውራ ጎዳናዎች አደራ ፈንድ በሚባል የተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ ተደረገ። ከዚህ ሒሳብ ወደ 41,000 ማይል የሚጠጋ መንገድ ታቀደ፤ ከወጪው 90 በመቶውን ፌዴራሉ ሸፈነ። በ1959 ፈንዱ ሲያጥረው ግብሩ ወደ 4 ሳንቲም ከፍ አለ። ግብሩ እንዲጨመር ድምፅ የሰጡት ሰዎች ለሕዝብ የሚያሳዩት ነገር ነበራቸው፤ ምክንያቱም የጨመሩት ሳንቲም የት እንደገባ ማንም ሊያየው ይችል ነበር።

ዋናው ስሕተት የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሠራውም ምንም ባለማድረግ ነው። ግብሩ የተጻፈው ከዋጋው በመቶኛ ሳይሆን በጋሎን በሳንቲም ስለነበር የሲሚንቶ፣ የብረትና የሠራተኛ ዋጋ ሲወጣ እሱ ባለበት ቆመ። አራቷ ሳንቲም ከ1959 እስከ 1983 ሳትነቃነቅ ቀረች። በመካከሉ የ1970ዎቹ የዋጋ ንረት መጣ፤ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላም የወጣው ሕግ መኪኖች በአንድ ጋሎን ብዙ እንዲሄዱ አስገደደ። ይህ ለአገርና ለአየር ጥሩ ነገር ነበር፤ ለፈንዱ ግን መኪናው በመንገዱ ላይ ያንኑ ያህል እየተመላለሰ የሚከፍለው ቀነሰ ማለት ነው። ድልድዮቹም በዚያው እያረጁ ነበር። በዲሴምበር 15 ቀን 1967 በኦሃዮ ወንዝ ላይ የተሠራው ሲልቨር ብሪጅ ከሥራ በሚወጡና ለገና ገበያ በሚመላለሱ መኪኖች ተሞልቶ ሳለ ተደርምሶ 46 ሰዎች ሞቱ። ድልድዩን አንጠልጥለው ከያዙት የብረት ዘንጎች አንዱ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ይዞ ነበር። አሜሪካ አገር አቀፍ የድልድይ ምርመራ ደንብ ያወጣችው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ምርመራው ያረጁ ድልድዮችን በሺዎች እየቆጠረ ዝርዝር አወጣ፤ መጠገኛው ገንዘብ ግን በአራት ሳንቲም ታስሮ ቀረ።

ቋጠሮውን የፈታው ግብርን በመቃወም ሥልጣን የያዘ መንግሥት መሆኑ ለዚህ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን መጀመሪያ ላይ የነዳጅ ግብር ጭማሪን አልተቀበሉም ነበር። የትራንስፖርት ሚኒስትራቸው ድሩ ሉዊስ መንገዶቹና ድልድዮቹ ያሉበትን ሁኔታ ደጋግመው ካቀረቡላቸው በኋላ ግን በ1982 መጨረሻ ሐሳባቸውን ለወጡ። ሥራ አጥነት ከ10 በመቶ በላይ በነበረበት ወቅት፣ የራሳቸው ፓርቲ ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ሕጉን በረጅም ንግግር ለማስቆም ቢሞክሩም አለፈ። በጃንዋሪ 1983 ተፈርሞ ከኤፕሪል ጀምሮ ግብሩ ከ4 ወደ 9 ሳንቲም ከፍ አለ፤ አንዷ ሳንቲም ለሕዝብ ማመላለሻ ተመደበች። ሬጋን ያቀረቡት ምክንያት የኦሪገኑ ነበር፦ መንገዱን የሚጠቀም ይክፈልበት። ግን ለ20 ዓመታት የተጠራቀመ ጉዳት በሦስት ወር አይጠገንም። በጁን 1983 በኮኔቲከት፣ ግሪኒች ውስጥ ማያነስ በሚባል ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ አንድ ክፍል ወድቆ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ዝገት የበላው የመጋጠሚያ ብረት በወቅቱ አልታየም፣ አልተቀየረም። ኮኔቲከት በሚቀጥለው ዓመት የራሷን የትራንስፖርት ፈንድ አቋቁማ የነዳጅ ግብሯን በየደረጃው አሳደገች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ከየትም በላይ የሚሠራው እዚህ ነው፤ ውኃ መውረጃውን የማጽዳትና ዝገቱን የመፋቅ ወጪ ድልድዩን አዲስ ከመትከል ጋር አይነጻጸርም።

የሚቀጥሉት ሁለት ጭማሪዎች የ1932ቱን ስሕተት ደገሙት። በ1990 አዲስ ግብር አልጥልም ብለው ቃል የገቡት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በበጀት ስምምነት አምስት ሳንቲም ጨመሩ፤ ግማሹ ግን ለመንገድ ሳይሆን ለበጀት ጉድለት ሆነ። በ1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን 4.3 ሳንቲም ሲጨምሩ ያ ሁሉ ለጉድለቱ ነበር። ሕጉ በሴኔት እኩል ለእኩል ተከፍሎ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ነው ያለፈው። ገንዘቡ በ1997 ወደ አደራ ፈንዱ ቢመለስም ስሜቱ አልተመለሰም፤ ነጂው ጭማሪውን ከመንገድ ጋር ሳይሆን ከፖለቲካ ጭቅጭቅ ጋር አያይዞ አስታወሰው። ከኦክቶበር 1993 ወዲህ የፌዴራሉ ግብር በጋሎን ቤንዚን 18.4፣ በናፍጣ 24.4 ሳንቲም ሆኖ ቆሟል። ከዚያን ጊዜ እስከ 2023 የአሜሪካ አጠቃላይ የዋጋ ደረጃ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ ያችው 18.4 ሳንቲም መግዛት የምትችለው አስፋልት ከግማሽ በታች ሆኗል ማለት ነው። ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት፣ ማንም ሳይከራከርበት የግብሩ የመግዛት አቅም በየዓመቱ ተቆረጠ።

በኦገስት 1 ቀን 2007 አመሻሹ ላይ በሚኒያፖሊስ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የነበረው የአውራ ጎዳና 35 ደብሊው ድልድይ ወድቆ 13 ሰዎች ሞቱ፣ 145 ቆሰሉ። እዚህ ላይ እውነቱን ሳያጋንኑ መናገር ይገባል። የፌዴራሉ አደጋ መርማሪ ቦርድ እንዳረጋገጠው ዋናው ምክንያት በ1960ዎቹ ንድፉ ሲሠራ የመጋጠሚያ ላሜራዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጭን መደረጋቸው ነው፤ በዓመታት የተጨመረው ክብደትና በዕለቱ ለሥራ የተከመረው ዕቃ ደግሞ አባሰው። ስለዚህ አደጋውን ግብር ባለመጨመሩ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። አደጋው ያደረገው ነገር ሌላ ነው፤ ሰዎች በየቀኑ የሚያልፉባቸውን ድልድዮች ሁኔታ እንዲጠይቁ አስገደደ። በፌብሩዋሪ 2008 የሚኒሶታ ምክር ቤት የነዳጅ ግብሩን ከ20 ወደ 28.5 ሳንቲም በየደረጃው የሚያሳድግ ሕግ አወጣ። አገረ ገዥው ቲም ፖለንቲ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብታቸው ሲያስቆሙት ምክር ቤቱ ውሳኔያቸውን ሻረው። በታችኛው ምክር ቤት ስድስት የአገረ ገዥው ፓርቲ አባላት ከተቃራኒው ወገን ጋር ድምፅ ሰጡ፤ አንዳንዶቹም ወንበራቸውን አጡበት። ዋሽንግተን ግን የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። በሴፕቴምበር 2008 አደራ ፈንዱ ባዶ ሊሆን ሲል ኮንግረስ ከጠቅላላው ካዝና 8 ቢሊዮን ዶላር አዛወረለት። ያ ለአንድ ጊዜ ተብሎ የተጀመረው ማዛወር ልማድ ሆኖ እስከ 2021 ድረስ ከ270 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ጠቅላላው ካዝና ራሱ በጉድለት የሚሠራ በመሆኑ፣ ይህ በሌላ ስም ያው ሃሪ በርድ በ1955 የተቃወሙት ብድር ነው። ልዩነቱ ከፋዩ ሳይጠየቅ መሆኑ ብቻ ነው።

የግብሩ ተቃዋሚዎች ከሚያነሡት ሁሉ ክብደት ያለው ድሃውን ይጎዳል የሚለው ነው። እውነትም ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው ከገቢው የሚበዛውን እጅ ለነዳጅ ያወጣል፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ወይም በስልክ የሚጠራ መኪና እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ማንኛውም የነዳጅ ጭማሪ በቀጥታ ይነካቸዋል። ይህን ስጋት በቁጥር እንየው። በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ፣ በጋሎን 40 ማይል የሚሄድ መኪና ያለው ሾፌር 1,000 ጋሎን ይቀዳል፤ በጋሎን 10 ሳንቲም ቢጨመር በዓመት 100 ዶላር ይከፍላል። በዓመት 12,000 ማይል በ25 ማይል ፍጆታ የሚነዳ ቤተሰብ ደግሞ 48 ዶላር ይደርስበታል። በጉድጓድ ምክንያት የፈነዳ አንድ ጎማና የተጣመመ አንድ ቸርኬ ብቻውን ይህን ያህል ሊያስወጣ ይችላል፤ ለሾፌር ደግሞ መኪናው ጋራዥ የቆመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። የተበላሸ መንገድ የሚያስከፍለው ግብርም ድሃውን የባሰ ይመታል፤ ያ ግብር ደረሰኝ የለውም፣ በሕግ ሊቀነስለትም አይችልም። የነዳጅ ግብር ግን ለዝቅተኛ ገቢ ከሚሰጥ የገቢ ግብር ተመላሽ ጋር ሊጣመር ይችላል። ድሃውን መጠበቅ የሚቻለው ሸክሙን በማካካስ እንጂ ድልድዩን በማስረጀት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘቡ ይባክናል፣ ለሌላ ይውላል የሚል ነው። ይህም መሠረት አለው። ፔንሲልቬንያ በ2013 የነዳጅ ግብሯን ከአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ አደረሰችው፤ ሆኖም ለዓመታት ከመንገድ ፈንዱ ለግዛቱ ፖሊስ ብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ሲወጣ ቆየ። በጃንዋሪ 28 ቀን 2022 በዚያው ግዛት በፒትስበርግ የፈርን ሆሎው ድልድይ አውቶቡስ እንደተሸከመ ወደቀ፤ ደግነቱ የሞተ ሰው አልነበረም። ምርመራው ያገኘው ተቆጣጣሪዎች ለዓመታት ስለ ዝገቱ ደጋግመው ቢጽፉም ከተማዋ ጥገናውን አለማድረጓን ነው። ስለዚህ ግብር መጨመር ብቻውን በቂ አይደለም፤ አደራውን በሕግ ማሰር ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያ ይህን አደረገች። በ2017 በጋሎን 12 ሳንቲም ጨመረች። በጁን 2018 መራጩ ሕዝብ ገቢው ለትራንስፖርት ብቻ እንዲውል የሚያስረውን ድንጋጌ በታላቅ ብልጫ አጸደቀ፤ በኖቬምበር ደግሞ ጭማሪው ይሰረዝ የሚለው ሐሳብ ሲቀርብለት 57 በመቶ ያህሉ አይሰረዝ አለ። ሕዝብ የነዳጅ ግብርን በምንም ሁኔታ አይቀበልም የሚለው አባባል በዚያ ምርጫ ፈረሰ። በአንጻሩ በ2019 የሚሺጋን አገረ ገዥ ግሬቸን ዊትመር በጥቅሉ 45 ሳንቲም እንዲጨመር ጠይቀው አልተሳካላቸውም፤ ለመንገዱ ወደ ቦንድ ሄዱ። ትልቅ ጭማሪ በአጭር ጊዜ ሲጠየቅ አይዋጥም። ሜሪላንድ በ2013 ግብሯን ከዋጋ ንረት ጋር ያያያዘችው ለዚህ ነው፤ በየዓመቱ ጥቂት እየጨመረ ሲሄድ ከሥራው ዋጋ ጋር አይራራቅም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ መኪናው ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ሳለ ነዳጅ ላይ ግብር መጨመር ምን ይረባል? በኖቬምበር 2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን የፈረሙት ትልቁ የመሠረተ ልማት ሕግ ለድልድዮች ከአይዘንሃወር የአውራ ጎዳና መረብ ዘመን ወዲህ ያልታየ ገንዘብ ቢመድብም የነዳጅ ግብሩን አልነካም፤ 118 ቢሊዮን ዶላር ከካዝናው ወደ ፈንዱ አዛውሮ አለፈ። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም መኪና ድልድዩን ያንኑ ያህል ይጫነዋል፤ በባትሪው ምክንያት እንዲያውም ይከብዳል። ኦሪገን በጁላይ 2015 በፈቃደኞች የጀመረችው በተነዳው ማይል ልክ የማስከፈል ሥርዓት ለዚህ መልስ የሚሆን ነው፤ የነዳጅ ግብርን የፈጠረችው ግዛት ተተኪውን መሞከሯ መርሁ አለመለወጡን ያሳያል። ሽግግሩ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ እስከዚያ በመንገዱ ላይ ያለው አብዛኛው መኪና ነዳጅ የሚቀዳ ነው፣ የሚዝገው ድልድይም አይጠብቅም። ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይመለከታል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው በነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚጣለው የጥገና ክፍያ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። አሜሪካ በብዙ አሥርት ዓመታት የደረሰባት የገቢ መሸርሸር በሌላ አገር በጣም ባጠረ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ መላውን ፈንዱ ሳይደርቅ ማዘጋጀት ይሻላል።

ከ1919 እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ የሚያስተምረው ይህን ነው። ግብሩ የሠራው ገንዘቡ ለመንገድ መዋሉ ሲታይና መጠኑ ከሥራው ዋጋ ጋር ሲሄድ ነው፤ የወደቀው አደራው ሲፈርስና ቁጥሩ በሕግ ላይ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ግብር መጨመር አለበት፤ ሲጨመር ግን ከዋጋ ንረት ጋር ይታሰር፣ ገቢው ከጥገና እንዳይወጣ በሕግ ይዘጋ፣ ነዳጅ የማይቀዳውም መኪና በሚሄድበት ልክ ይክፈል፣ ጫናው የሚከብደው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰውም ይካካስለት። ግብር አልጨመርንም የሚሉ ምክር ቤቶች ሕዝቡን ከክፍያ አላዳኑትም። ለመዘግየቱም አስከፍለውታል፤ ይህን ሒሳብ በግልጽ አስቀምጦ ከሕዝብ ጋር መነጋገር የሚመራ ሰው ግዴታ ነው።